ሰባት ቤት የተቆጠረለት ሳል

ሰበታ፣ ጥቅምት 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩት ወንድሜ ለጋሼ ገርባ ኦዳ
ሱሉልታ

አካም ጅርቱ ጋሼ? «ለጤናዎ እንደምን አሉ» ብዬ ልጀምር ነበር፤ መልሱን ስለማውቀው ዘለልኩት። ባለቤትዎ ድንቅቱ እንዴት ናት? ላሞቹስ፣ ድርቆሹስ? ሁሉም ሰላም ይሁን። እኔ፣ ባለቤቴ ታመነና ልጃችን ሩታ ለፈጣሪ ምስጋና ይግባውና አለን።

ደብዳቤ የምጽፈው ስልክ ጠልቼ አይደለም። ባለፈው እሑድ ስደውል የሆነውን ያስታውሳሉ። አንቱ ሳሉ፣ እኔም ሳልኩ፤ ሁለቱ ሳሎች አሥራ አንድ ደቂቃ ተጨዋወቱና ካርዴ አለቀ። ስለ ሕክምና ባነሳሁ ቁጥር ደግሞ ኔትወርኩ ይጠፋብዎታል። ስለ ድርቆሽ ዋጋ ሲወራ ግን የሱሉልታ ኔትወርክ ጠፍቶ አያውቅም። ስለዚህ ወረቀት ይሻላል፣ ወረቀት ጆሮ ላይ አይዘጋም። ዲሪርሳ ለሰበታ ከብት አርቢዎች ድርቆሽ አራግፎ ሲመለስ በአይሱዙው ይዞልዎት ይመጣል።

ዋናው ነገር ይኸውና፤ ሳሌ ስም አገኘ። ሠላሳ ሰባት ዓመት ሙሉ በብርድ ነው፣ በአቧራ ነው፣ በቡዳ ነው ሲባል የኖረው ሳል በዘር የሚወረስ የሳንባ በሽታ ሆኖ ተገኘ። ያገኘችው የደረት ሐኪሟ ዶክተር የወይንሐረግ ናት። ማዳመጫውን በግራ ደረቴ ላይ አስቀምጣ ብዙ ቆየች፤ ከዚያ ወደ ቀኝ አዞረችውና «ልብሽ በቀኝ በኩል እንደሆነ ማንም ነግሮሽ አያውቅም?» አለችኝ። ማንም አልነገረኝም። እስከ ዛሬ ራጅ ያነሱኝ ሁሉ ልቡን በቀኝ ሲያዩት «ፊልሙ ተገልብጧል» እያሉ አዙረው ነበር የሚያነቡት።

በአየር ቧንቧችን ውስጥ አክታን ወደ ላይ የሚጠርጉ እንደ ጸጉር የቀጠኑ ነገሮች አሉ። የእኔዎቹ ከተወለድኩ ጀምሮ አይሠሩም። አክታው እዚያው ተቀምጦ ይመረቅዛል፣ ሳንባውን ቀስ እያለ ይበላዋል። የደሜ ናሙና ውጭ አገር ደርሶ እስኪመለስ ሦስት ወር ፈጀና ይኸው ተረጋገጠ። ከአባትም ከእናትም የሚወረስ ነው፤ ወንድምና እህት ላይ የመገኘት ዕድሉ ከአራት አንድ ነው። አይድንም፣ መያዝ ግን ይቻላል። የጨው ውኃ በእንፋሎት እስባለሁ፣ መድኃኒት እውጣለሁ፣ አተነፋፈስ እለማመዳለሁ። የእኔ ሳንባ የታችኛው ክፍል ግን አልቋል፤ ያለቀው አይመለስም።

አንቱ የቲቢ መድኃኒት ሦስት ጊዜ ጨርሰዋል። አክታዎ ላይ ግን አንድ ቀን እንኳ ቲቢ ተገኝቶ አያውቅም። አሁን አራተኛውን ሊያስጀምሩዎት እንደሆነ ሰማሁ። እባክዎ፣ ከዚያ በፊት ዶክተሯ ትይዎት። የራጅ ፊልሞችዎን በዲሪርሳ ይላኩልኝ። ድንቅቱም ጆሮዋን በቀኝ ደረትዎ ላይ ታድርግና ታዳምጥ። ሳንባዎ ሳያልቅ እንድረስበት ነው የምለው።

እየሳለች የጻፈችው እህትዎ
ጂቱ


ሱሉልታ፣ ኅዳር 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለእህቴ ለጂቱ ኦዳ
ሰበታ

ኦቦሌቲ ኮ፣ እህት ዓለሜ፣ ነጋ ነሽ፣ ደህና ነሽ? ታመነስ? የሩታ ትምህርት እንዴት ነው? እኛ ዋቃ ይመስገን ደህና ነን። ዘንድሮ ሣሩ ጥሩ ነው፤ ጫንጮ ድረስ ያለው ሜዳ ሁሉ ታጭዶ ተከምሯል። ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ሃያ ቀን አልፏል፣ አጨዳ ላይ ስለነበርኩ ነው የዘገየሁት።

ነገሩን ሳላዞር ልንገርሽ። «ከአባትም ከእናትም» የምትለዋን ቃል ሳይ ወረቀቱን አጠፍኩት። ከተማ ገብተሽ ረስተሽው ይሆናል እንጂ፣ እዚህ ልጁን የሚድር ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚመጣው እኔ ዘንድ ነው። ሰባት ቤት ቆጥሬ «አይዛመዱም» ካላልኩ ድንኳን አይተከልም። ታዲያ የእኔው አባትና እናት ዘመዳሞች ነበሩ ልትይኝ ነው? ይህን የምትል ሐኪም ካለች ይኸውላት፤ አንብቢላት።

በአባታችን ወገን፦ ኦዳ፣ ሞቲ፣ ጉርሜሳ፣ ዋቆ፣ ቱሉ፣ ጀልዴሳ፣ በዳዳ። በእናታችን ወገን፦ ለሚ፣ ደበላ፣ ሮባ፣ ጉደታ፣ ሂርጳ፣ ኤጀታ፣ ዋሪ። ሰባትና ሰባት ነው። የትኛው ቤት ላይ እንደተገናኙ በጣቷ ታሳየኝ።

ፊልሞቹን አይጥ ሳይበላቸው አይቀርም። የቲቢውን መድኃኒት አልጀመርኩም፣ ድርቆሹ ይግባ ብዬ ነው። አንቺ ራስሽን አስታሚ፤ የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች እንዳይሆንብሽ።

ዋቅኒ ሲ ሃ ኤጉ። እሱ ይጠብቅሽ።

ወንድምሽ ገርባ


ሰበታ፣ ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሼ ገርባ

ሰላምታዬ እንዳለ ሆኖ፣ ፊልም ብጠይቅዎት አሥራ አራት ቅድመ አያት ላኩልኝ።

ቢሆንም ታዝዣለሁ። ወረቀቱን ይዤ ሄጄ ለዶክተሯ ከኦዳ እስከ ዋሪ ድረስ አነበብኩላት። ሳትስቅ ሰማችኝ፣ እግዚአብሔር ይስጣት። ከዚያም ይህን ለአንቱ እንድጽፍ ነገረችኝ፤ ቆጠራው ልክ ነው፣ ምንም ዝምድና የላቸውም። ግን የማይዛመዱ ሁለት ሰዎችም እያንዳንዳቸው ይህን ነገር በደማቸው ይዘው ሊገናኙ ይችላሉ። እነሱን አያስላቸውም፣ አያማቸውም፤ መያዛቸውንም ሳያውቁ ይሞታሉ። አንድ ገበያ ውለው ሳይተዋወቁ አንድ ዓይነት ሻሽ ገዝተው እንደሚመለሱ ሁለት ሴቶች ማለት ነው። ከሁለቱም የወሰደ ልጅ ነው የሚስለው። እኔ ወስጃለሁ፣ አንቱም የወሰዱ ይመስለኛል። አባታችንን የሚያማ ሰው የለም ጋሼ። አባታችን በሰላም ይረፉ፣ አንቱ ግን በሕይወት አሉ።

እውነቱን ልናገር፣ ደክሞኛል። ከፋብሪካ አንድ ቀን ፈቃድ ለማግኘት የምለምነው አለቃ አለ፣ የዶክተሯን ተራ ለመያዝ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተነሥቼ ከሰበታ እወጣለሁ። ይህን ሁሉ የማደርገው ለአንቱ ነው፤ አንቱ ደግሞ ጆሮ ዳባ ልበስ ብለው ድርቆሽ ይከምራሉ። ያ አቧራ ለዚህ ሳንባ መርዝ መሆኑን ለማወቅ ሐኪም መሆን አያስፈልግም። ልብዎ በቀኝ መሆኑን ድንቅቱን ጠየቋት? ፊልሞቹንም አይጥ አልበላቸውም። አልጋው ሥር ባለችው ሻንጣ ውስጥ እንዳሉ ድንቅቱ በስልክ ነግራኛለች።

እህትዎ ጂቱ


ሱሉልታ፣ ታኅሣሥ 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለጂቱ

እንኳን ለገና በዓል በሰላም አደረሳችሁ። ለበዓሉ ትንሽ ቅቤ በዲሪርሳ ልኬያለሁ፤ ፊልሞቹም ሥሩ አሉ፣ ቅቤ እንዳይነካቸው በፌስታል ጠቅልያቸዋለሁ።

ድንቅቱን ስለ ልቤ ጠየቅኋት። «በቀኝ ነው» አለች፣ ጆሮዋን እንኳ ሳታስጠጋ። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ እያወቅሽ ለምን አልነገርሽኝም ብላት «የሌላ ወንድ ደረት ላይ ተኝቼ አላውቅ፣ የሰው ልብ የት እንደሚቀመጥ በምን ልወቅ?» አለችኝ።

እንግዲህ ስለጨቀጨቅሽኝ ልሂድ። አንድ ነገር ግን አለ፤ የምሄደው ብቻዬን ነው። አንቺም እንዳትመጪ፣ ድንቅቱም እንዳትከተለኝ። እሷ ከመጣች ከደጃፉ እመለሳለሁ። ለምን አትበይኝ።

ወንድምሽ ገርባ


ሰበታ፣ ጥር 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሼ ገርባ

ቅቤው ደርሶናል፣ እጅ ነሥተናል። ፊልሞቹን ዶክተሯ አየቻቸው። ሦስቱም ላይ ልብዎ በቀኝ ነው፤ ሦስቱም ላይ አንድ ሰው በእስክሪፕቶ ቀኝን ግራ፣ ግራን ቀኝ ብሎ አርሞታል። ሦስት የተለያዩ ሰዎች በሦስት የተለያየ ዘመን አንዱን ስህተት ደገሙት። ስመለስ ታክሲ ውስጥ አለቀስኩ፣ በንዴት።

ሌላ ደግሞ ልንገርዎት። ዲሪርሳ ቅቤውን ሲያወርድ አፉን አላስቻለውም። ከልደት ሳምንት ቀድሞ ድርቆሽ ሲጭኑ ደም እንደተፉና በእግርዎ አፈር እንዳለበሱት ነገረኝ። እኔ ስለ ልብዎ ቀልድ አንብቤ ስስቅ ከርሜያለሁ። አንቱ ደም እየተፉ ነው የቀለዱልኝ?

ቀጠሮ አስይዣለሁ። ሐሙስ፣ የካቲት 13 ቀን፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ነው። ብቻዎን ግን አይሆንም። ይህን ያለችው ዶክተሯ ናት። ሕክምናው ግማሹ የሚሠራው ቤት ነው፤ ጠዋትና ማታ አክታውን ማውጣት አለ፣ ያንን የሚማር የቤት ሰው አብሮ መምጣት አለበት። ቤትዎ ውስጥ ከድንቅቱ ሌላ ማን አለ? ላሟን ይዘው ይመጣሉ?

ለምን አትበይኝ ብለዋል፤ እኔ ግን ለምን እላለሁ። ድንቅቱ ሦስቱንም ጊዜ የቲቢ መድኃኒትዎን እየቆጠረች የሰጠች ሴት ናት። ከእሷ የሚደበቅ ምን ዓይነት ሳንባ አለ?

ዶክተሯ ይህ በሽታ ስላለባቸው ወንዶች የነገረችኝ ሌላም ነገር አለ። በወረቀት አልጽፈውም። ወረቀቱን የሚሸከመው ዲሪርሳ ነው፣ ዲሪርሳ ደግሞ የድንቅቱ ወንድም ነው። ስንገናኝ ለብቻችን እነግርዎታለሁ።

እህትዎ ጂቱ


ቡራዩ፣ የካቲት 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለጂቱ

ይህን ደብዳቤ ዲሪርሳ አላመጣውም። ታመነ ቡራዩ ሕንፃ ላይ እንደሚሠራ ስለነገርሽኝ ራሴ መጥቼ በእጁ ልሰጠው ነው። እሱ ለምሳ እስኪወርድ አሸዋ ክምር ላይ ተቀምጬ እጽፍልሻለሁ።

ያልጻፍሽውን ነገር አውቀዋለሁ።

በተጋባን በስድስተኛው ዓመት ልጅ ስናጣ ጊዜ፣ ለድንቅቱ ሳልነግራት አዲስ አበባ ወርጄ ተመረመርኩ። ሐኪሙ «ዘርህ አይንቀሳቀስም፣ ከዚህ ልጅ አይገኝም» አለኝ። የዚያን ቀን ከእንጦጦ ወዲህ በእግሬ ነው የመጣሁት። ቤት ስደርስ ድንቅቱ «ምን አሉህ?» አለችኝ፤ ለካ ሰው አይቶኝ ነግሯታል። «አንተ ደህና ነህ አሉኝ» አልኳት። እሷም ራሷን ነቀነቀችና ውኃ አመጣችልኝ።

ከዚያ በኋላ ያለውን አንቺም ታውቂዋለሽ። ያልሄደችበት ጸበል የለም። እናታችን ሊሞቱ ሲሉ «ሌላ አግባ» አሉኝ፣ እኔ እምቢ አልኩ። አገር ሁሉ «ገርባ ሚስቱን አልጣለም» ብሎ አመሰገነኝ። ዘር እንድቆጥር የሚጠሩኝ፣ ለሽምግልና ከፊት የሚያስቀምጡኝ በዚያ ምክንያት ነው። ያንን ክብር ሃያ ዓመት በላሁት፣ ጂቱ። የሰው ዘር እየቆጠርኩ የእኔው እኔ ላይ ማለቁን ደበቅኩ።

ሳንባዬን አይደለም የምፈራው። ዶክተሯ ድንቅቱ ፊት «ልጅ አላችሁ?» ብላ ትጠይቀኛለች፣ ያን ነው የምፈራው። ስለዚህ እባክሽ ለምኚልኝ፤ ስለ ልጅ አታንሳብኝ። እስካሁን ዝም አይነቅዝም ብዬ ኖሬያለሁ፣ አሁን አጋልጠሽ አትስጪኝ። ይህን ካደረግሽልኝ ድንቅቱን ይዤ እመጣለሁ።

ወንድምሽ


ሰበታ፣ የካቲት 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሼ

ደብዳቤዎን ታመነ ሰጠኝ። ሁለት ቀን መልስ መጻፍ አቃተኝ። አንዱን ቀን አዘንኩልዎት፣ ሌላውን ቀን ተናደድኩብዎት፤ ዛሬ ሁለቱም አብረው ነው ያሉት።

ዶክተሯን አልለምናትም።

በሠርጌ ዋዜማ ድንቅቱ ጸጉሬን ቅቤ ልትቀባኝ እጇን ታጥባ ስትመጣ፣ አክስታችን እልፍነሽ እጇን ይዛ አስቆመቻት። «ልጅ ያልያዘ እጅ ሙሽራ አይነካም» አለቻት። ድንቅቱ ቅቤውን አስቀምጣ ሽንኩርት ልትልጥ ወጣች። እኔ ሙሽራ ነኝ ብዬ ዝም አልኩ። አንቱ በሩ አጠገብ ቆመው ነበር፣ አይቼዎታለሁ። ያኔ አላወቅኩም እንጂ፣ አንዲት ቃል ብቻ ነበር የምታስፈልገው።

አባቴም እናቴም አንቱ ነዎት። ትምህርት ቤት ያስገቡኝ፣ ታመነን «የሌላ አገር ሰው ነው፣ የሌላ ሃይማኖት ሰው ነው» ሲሉት «እኔ አውቀዋለሁ» ብለው የዳሩኝ አንቱ ነዎት። ቢሞቱብኝ አልችለውም፤ ስለዚህ ነው ይህን ሁሉ የምነዘንዝዎት። ግን ድንቅቱ ሃያ ዓመት የተሸከመችውን ነገር ከማታውቃት ሐኪም አፍ እንድትሰማው አላደርግም። ስምንት ቀን አለዎት። አንቱ ይንገሯት።

ጂቱ


ሱሉልታ፣ መጋቢት 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጂቱ

ሰላም ነሽ? የአንቺ ሳል ተሻለው? ልጅሽ ደህና ናት? ድንቅቱ ነኝ። ወንድምሽ ልጻፍላት ብሎ ወረቀት ሲያወጣ ቀማሁት፤ እሱ ብዙ ጽፏል።

መጀመሪያ ስለ አንቺ። ከጥር ጀምሮ ታውቂ ነበር አሉ። ተቀይሜሻለሁ። ለፋሲካ ስትመጪ እንታረቃለን፣ እስከዚያ ግን እንደተቀየምኩ ነው።

የነገረኝ በቀጠሮው ቀን ጠዋት ነው። የት መሰለሽ? ሚኒባስ ውስጥ። እንጦጦን እያለፍን፣ ሰው እላያችን ላይ ተጭኖ፣ ጆሮዬ ሥር ነገረኝ። እንዳልጮህ አስቦበት ነው። እኔም አልጮህኩም። «ወራጅ አለ» ብዬ ወረድኩ፤ እሱም ተከትሎኝ ወረደ። ዳገቱ ላይ እኔ ከፊት እሱ ከኋላ እየሳለ ሄድን። አንዴ ዞር ስል መንገዱ ዳር ተቀምጦ ትንፋሽ አጥሮታል። ትቼው ብሄድ ማን ይፈርድብኛል? ከዚያ ግን ቀጠሮ ቀጠሮ ነው አልኩና ሌላ ታክሲ አስቆምኩ።

አንቺ በሩ ላይ ስትጠብቂን ዓይኔን ያላየሽው ለዚህ ነው። ዶክተሯ ያለችውን አብረን ሰማን፤ እሱም አለበት። በአንድ በኩል የታችኛው ሳንባው ሞቷል፣ የቀረው ሊያዝ ይችላል፣ ሌላ የቲቢ መድኃኒት እንዳይጀምር፣ ድርቆሽ ክምር አጠገብ እንዳይደርስ። «ልጅ አላችሁ?» ስትል እሱ ወለሉን አየ። «የለንም፤ በእሱ ነው» ብዬ የመለስኩት እኔ ነኝ። ሃያ ዓመት አፌ ውስጥ የነበረውን «በእኔ ነው» አውጥቼ ሌላውን ሳስገባ ምላሴ አልለመደውም ነበር።

ቤት ስንመለስ ይቅርታ አለኝ። ይቅርታው ይቆይ፣ መጀመሪያ አክስቶችህን ሰብስበህ በአፍህ ንገራቸው አልኩት። «ሳሉ ሲሻለኝ» አለ። እየሳልክ ንገራቸው አልኩት። ባለፈው እሑድ ሰበሰባቸው፣ እየሳለ ነገራቸው። እልፍነሽ ሰምታ ስታበቃ «እንግዲህ የእግዜር ሥራ ነው» ብላ ነጠላዋን አራግፋ ሄደች። ሃያ ዓመት የእኔ ሥራ የነበረው፣ በአንድ ከሰዓት የእግዜር ሥራ ሆነ። እስከ ማታ ድረስ ብቻዬን ስናገር ዋልኩ።

ከእሱ ጋር አንነጋገርም። ግን ዶክተሯ ያዘዘችው ነገር አለ፤ አንቺም እዚያ ሆነሽ ሰምተሻል። ጠዋትና ማታ በሆዱ አስተኝቼ፣ ከወገቡ ሥር ትራስ አድርጌለት፣ መዳፌን እንደ ጭልፋ ጎድጎድ አድርጌ ጀርባውን ሩብ ሰዓት እመታዋለሁ። አክታው እንዲላቀቅለት ነው። በእውነት ይላቀቃል፤ የሚወጣውን ብታዪ ይህን ሁሉ ይዞ እንዴት ኖረ ትያለሽ። ማታ ማታ እንቅልፍ እየወሰደው ነው፣ ደምም ካየን ሦስት ሳምንት አለፈን። ዶክተሯ «እንዳያመው ለስለስ እያደረግሽ» ብላኛለች፤ ለስለስ የማደርግበት ቀን አለ፣ የማላደርግበትም ቀን አለ።

ትናንት መሃል ላይ አቆምኩ። እጄን ደክሞኝ አይደለም፣ እንባ መጥቶብኝ ነው። እሱ ግን አላየም፤ አንገቱን ሳያዞር «በቃሽ?» አለኝ።

«ተኛ፣» አልኩት፣ «ገና ነኝ።»

ድንቅቱ